ለሞተ የምንደርስ ሁሉ ላለም እንድረስ

  

በዚህ ወር በዚህ ሰሌዳ ላይ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ ወርኃዊ መዋጮ ነበር። እርሱንም ከታች እናነሣዋለን። ነገር ግን በሐምሌ ወር በሰፈራችን አንድ ነገር ደርሷል። ነገሩም ሁላችንን፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የእድሩን ጽሕፈት ቤት የሚነካ ስለሆነ፣ እርሱን ሳንናገር ስለ ቦይ መናገር አልሆነልንም።

አስቀድመን አንድ ወቀሳ እንመልስ። ባለፈው ጊዜ ከጻፍን በኋላ አንዳንድ አባሎቻችን፣ «ምነው እናንተ ሰዎች የምትጽፉት ሁሉ ተራ ነገር ሆነሳ! የማን ውሻ ሌሊት ሲጮኽ አደረ፣ የማን ጀሪካን ከቦኖው ተራ ላይ ጠፋ፣ የማን ፍየል የማንን ጎመን በላ፤ ይኸ ደግሞ ምን ይጻፋል?» ብለውናል። ወቀሳውን ተቀብለናል። እኛ ብዙ የተማርን ሰዎች አይደለንም። ትልቅ ትልቁን ነገር ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ ያወሩታል፤ የቀረውን ደግሞ ወጣቶቹ በስልካቸው ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ለእኛ የተረፈው የሰፈሩ ወሬ ነው፤ እርሱን እንጽፋለን። ዛሬ ግን የምንናገረው ያ ተራ ነገር የተባለው ሲቀር ምን እንደሚመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን እዚህ ላይ መጻፍ አይገባም፤ ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ልጆቻቸው አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደግሞ ዓረብ አገር ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ፣ ይደውላሉ፤ የሚታሙ ልጆች አይደሉም። በሐምሌ አንድ ሐሙስ ማታ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ እኒህ እናት ከጓሮ ወደ ቤት ሲመለሱ ጭቃው አዳለጣቸውና ወደቁ። እግራቸው ተሰበረ። እየተሳቡ ደጃፉን አልፈው ገቡ፤ ከዚያ ወዲያ ግን መነሣት አልቻሉም። የስልካቸው ባትሪ አልቆ ነበር። ቢጣሩም ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ድምፃቸው ከቤት አይወጣም። ዓርብን ሙሉ ቀን መሬት ላይ ተኝተው ዋሉ። አደሩም።

ታዲያ ማን አወቀላቸው? እኛ አይደለንም። አጠገባቸው ያለን ጎረቤቶች አይደለንም። አንድ ትንሽ ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኳሱ አጥር ዘላ ብትገባበት ሊያወጣ ገባ፤ ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ከቆጣቸው ሳይወጡ ሲንጫጩ ሰማ። ወደ ቤቱ ሮጦ፣ «እማዬ፣ እማማ እኮ ዛሬ ዶሮዎቹን አልለቀቋቸውም» አላት። እናትዮዋ ነገሩ ደስ አላላትም፤ እጇን ከሊጥ አውጥታ እንደሆነች ሄዳ በሩን ገፋችው። ጎረምሶች ተጠሩ። እናታችንን በቃሬዛ አድርገው ጭቃውን አሻግረው እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያም በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ቤታቸው ገብተዋል።

የአንድ ሰው ነፍስ የተረፈው እንግዲህ በምን ሆነ? አንድ ልጅ የጎረቤቱ ዶሮ በስንት ሰዓት እንደምትለቀቅ ስለሚያውቅ ነው። ከዚህ የበለጠ ተራ ነገር አለ?

የእድሩ ኮሚቴ ሊጠይቃቸው በሄደ ጊዜ ሻይ አስቀርበው፣ እንደ ልማዳቸው እየሳቁ፣ «ልጆቼ፣ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ጡሩምባው ሰፈሩን ባንድ ጊዜ ይሰበስበው ነበር። ሳልሞት ስለቆየሁባችሁ ነው የዘገያችሁት» አሉን። ለቀልድ ነው ያሉት። እኛ ግን መሳቅ አቃተን። የያዝነው ሻይ በእጃችን ላይ ቀዘቀዘ።

ለምን እንዳቃተን እንናገር። ከቤታቸው እንደወጣን መዝገባችንን ገልጠን አየን። በእኒህ እናት ስም ትይዩ በየወሩ «ከፍለዋል» የሚል ተጽፏል። አንድም ወር ውዝፍ የለባቸውም። በእኛ መዝገብ መሠረት እኒህ ሴት ምንም ችግር የሌለባቸው፣ ምስጉን አባል ናቸው። ነገር ግን ደኅና አድርገን ስናስታውስ፣ ላለፉት ሦስት ወራት መዋጮውን ይልኩ የነበረው በልጅ እጅ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር እሑድ እሑድ ወደ እድሩ መምጣት ትተዋል። እኛም ብሩን ተቀብለን፣ ቆጥረን፣ ጽፈን፣ ለልጁ ደረሰኝ ሰጠነው። «እማማ ለምን ቀሩ?» ብለን አልጠየቅነውም። ብሩ መጣ፤ ሰውየዋ መቅረታቸውን ግን መዝገቡ አልነገረንም፤ ዓይናችንም አላየም። ይኸ የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የጽሕፈት ቤቱ ጥፋት ነው። በዚህ ሰሌዳ ላይ የሌላውን ጥፋት ስንጽፍ የኖርን ስለሆነ የራሳችንንም መጻፍ ይገባናል።

እንግዲህ ጎረቤቶቻችን፣ እድራችን ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ እናውቃለን። ሰው በሞተ ጊዜ ጡሩምባው ገና ሌሊት ይነፋል። ሳይነጋ ድንኳኑ ይተከላል። አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ሰሐኑ ከመጋዘን ይወጣል። ንፍሮው ይቀቀላል። ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ሠልስት የቀረ ይጠየቃል። በዚህ እንኮራለን፤ መኩራትም ይገባናል። በአገራችን መንግሥት ቢለወጥ፣ ዘመን ቢለወጥ እድር ያልተለወጠው ለዚህ ነው። ቀበሌ የሚባለው እንኳ የመጣው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ነው። እድርን ግን ሰው ብቻውን መቀበር አይገባውም ብሎ ሕዝቡ ራሱ ነው ያቆመው።

ብቻውን መቀበር የማይገባው ሰው ግን ሁለት ቀን ብቻውን መሬት ላይ መተኛት ይገባዋልን? ጥያቄያችን ይኸው ነው።

ድሮ ይህ እንዴት አይሆንም ነበር? ሽማግሌዎቻችንን ጠይቀን የነገሩንን እንጻፍ። ድሮ ክብሪት ውድ ነበር። ማታ ረመጥ ያላዳፈነች ሴት ጠዋት ገል ይዛ እሳት ልትጭር ጎረቤት ትሄዳለች። እሳቱን ስትጭር ማን ታሟል፣ ማን አልቅሷል፣ የማን ላም ወልዳለች፣ ሁሉን ሰምታ ትመለሳለች። ጭስ ያልወጣበት ጣራ ከታየ ደግሞ «ምነው የነ እገሌ ቤት ዛሬ አልጨሰም?» ይባላል። ውኃ የሚቀዳው ከምንጭ ነው፤ ምንጭ ያልወረደች ሴት ትጠየቃለች። አጥሩ ቁጥቋጦ ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሰሐንም፣ ወሬም፣ ሕፃንም ያልፋል። ከዚያ ደግሞ ቡናው አለ። ዛሬ በእገሊት ቤት፣ ነገ በእገሊት ቤት ተራ ወጥቶለት፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ የሰፈሩ ነገር ሁሉ እዚያ ይዘረዘራል። ለቡና ተጠርቶ የቀረ ሰው ካለ «ሂድና እይ» ተብሎ ልጅ ይላካል።

ይህን ስንል ድሮ ገነት ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያ ቡና ላይ የታማው ሰው፣ በዚያ ሐሜት የፈረሰው ትዳር ቁጥር የለውም። ከምንጭ እንስራ ተሸክመው ዳገት የወጡ እናቶች ወገባቸው እስካሁን ያማቸዋል። እሳት ለመጫር በዚህ ብርድ ውርጭ ረግጦ መውጣትን ማን ይመኘዋል? ከተማችን ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። ከምሥራቅ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ አለ። ከእርሱ የሚነሣው ርብና ጉማራ ጣናን ይመግባል፤ ለእኛ ግን ብርዱን ነው የሚልክልን። ክብሪትም፣ መብራትም፣ የግቢ ቧንቧም፣ ስልክም የመጡልን ለበጎ ነው። ይመለሱ የሚል የለም።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳናስተውል አለፈን። እሳት ልትጭር የምትሄደው ሴት ይዛ የምትመለሰው እሳት ብቻ አልነበረም። ጎረቤቷን አይታ ነበር የምትመለሰው። ክብሪቱ እሳቱን ተካ፤ ማየቱን ግን ምንም አልተካውም። ቧንቧው ውኃውን አመጣ፤ የምንጩን ጥየቃ ግን አላመጣም። የቁጥቋጦው አጥር በቆርቆሮ ሲለወጥ ሌባ ቀርቶ ይሆናል፤ ጎረቤትም አብሮ ቀረ። ስልኩም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ያለውን ልጅ ያቀርባል፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ግን አያቀርብም። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ያቀረበውንም ያርቃል።

ሰፈራችንም ራሱ ተለውጧል። በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ከመጣ ወዲህ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ በየቤቱ ተከራይ ገብቷል። ተማሪ አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ሰው ነው። ስሙን የማናውቀው ብዙ ነው። እርሱም የእኛን አያውቅም። «እንዴት አደርክ» ሳይባባሉ ዓመት የሚያልፍ ግድግዳ ለግድግዳ ሰው ሞልቷል።

ቡናውን ጨርሶ የሰበረው ግን በሽታው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን ገባ ተባለ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ቀብሩ እንኳ በጥቂት ሰው ሆነ። ትእዛዙም ተገቢ ነበር፤ ብዙ ሰው ተርፎበታል። በሽታው ሲበርድ ቀብሩ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሠርጉም፣ ማኅበሩም፣ እቁቡም ተመለሰ። የቡናው ተራ ግን በብዙ ቤት ሳይመለስ ቀረ። ክልከላው ተነሥቶ ሳለ እኛው ራሳችን ከለከልነው። ለምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ ያገኘነው መልስ አንድ ነው፤ ቀብር ላይ ቅጣት አለ፣ ቡና ላይ ቅጣት የለም።

«ተራ ነገር ነው» ወደሚሉን እንመለስ። ደብረ ታቦር የታሪክ አገር ናት ይባላል፤ እውነት ነው። ከዚሁ ከአጠገባችን ከጋፋት ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ ተሠርቷል። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ገደማ ነበር። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ከደብረ ታቦር ሲነሡ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ገደሉን በቁፋሮ መንገድ እየተበጀለት፣ ከ5 ወር በላይ ተጉዞ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ ያበላው ማን ነው? ገብሱን የቆላው፣ በሶውን የፈጨው፣ እንጀራውን የጋገረው፣ ማታ ማታ ሰውን እየቆጠረ «እገሌ የት ቀረ? ታሞ ይሆን?» ያለው ማን ነው? ስሙን የጻፈው የለም። ተራ ነገር ስለሆነ ነዋ! ያ ተራ ነገር ባይኖር ግን መድፉ ከጋፋት ንቅንቅ አይልም ነበር። ሰፈርም እንዲሁ ነው። ሰፈርን ሰፈር የሚያደርገው በየማለዳው የምንባባለው «እንዴት አደራችሁ» ነው።

በሌላ አገር ያሉ እድሮችም ሥራቸው ቀብር ብቻ እንዳልሆነ አሳይተውናል። ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት በዘጋበት በ1990ዎቹ ዓመታት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ እድሮች ሬሳ እስኪወጣ አንጠብቅም ብለው ሕሙማንን መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት በሥራቸው ላይ ጨምረዋል። እነርሱም እንደ እኛው መዋጮ የሚሰበስቡ፣ ድንኳን የሚያከራዩ፣ በሰሐን መጥፋት የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ከቻሉ እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

ይህን ሐሳብ በኮሚቴው ስንወያይ ተቃውሞም ተነሥቷል። ተቃውሞውን ሳንደብቅ እንጻፈው።

አንደኛው፣ «በሰው ቤት ምን አገባን? ሰው በሩን የዘጋው እንዳይታይ ፈልጎ ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል እውነት አለበት። ደጅ ማንኳኳትና ጓዳ መመርመር ግን የተለያየ ነገር ነው። «እንዴት አደሩ?» ብሎ መልስ ሰምቶ መሄድ ማንንም አይደፍርም። ድስት ከፍቶ ማየት ግን አይፈቀድም። ይህን ያደረገ ሰው ካለ እድሩ ራሱ ይገሥጸዋል።

ሁለተኛው፣ «ቡና ተወዷል፤ ስኳርም እንዲሁ። ጎረቤት ጠርቶ ማፈር ይሻላል ወይስ አለመጥራት?» የሚል ነው። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች የቡናውን ተራ የተዉት በዚህ ምክንያት እንደሆነ በጆሯችን ሰምተናል። ዳቦው፣ ፈንዲሻው፣ ሳር ጉዝጓዙ፣ ዕጣኑ እየተጨመረ ቡናው ድግስ ሆነ። ድግስ ሲሆን ደግሞ ድኻው ወጣ። ስለዚህ ነገሩን ወደ ድሮው እንመልሰው። ቡናውን እንደየአቅማችን በፍሬ እናዋጣ። ቁርሱ የገብስ ቆሎ ይሁን፤ ካልሆነ የተቀቀለ ድንች ይሁን። የጉና ሥር ሰዎች ነን፤ ድንች አላጣንም። ቡናም ከጠፋ ሻይ ይሁን፤ ሻይም ከጠፋ ወሬ ብቻ ይሁን። ወሬ እንደሆነ በእኛ ሰፈር አይጠፋም።

ሦስተኛው ከወንዶች በኩል የመጣ ነው፤ «ቡና የሴት ነገር ነው» የሚል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ቃሬዛውን የተሸከሙት ወንዶች ናቸው። ዓርብ ማለዳ አንዱ ወንድ ሲያልፍ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ ቢሆን ኖሮ ሸክሙ በአንድ ቀን ይቀድም ነበር።

አንድ አባላችን ደግሞ፣ ሰው ሲታመምም ጡሩምባ ይነፋ ብለው ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ «ተዉ፣ በሽተኛውን በድንጋጤ ትጨርሱታላችሁ» ብለው አስቀርተውታል። እኛም ተስማምተናል። ጡሩምባው ባለበት ይቆይ።

ስለሆነም ኮሚቴው ከዚህ በታች ያለውን ለጠቅላላ ጉባኤ ሊያቀርብ ተስማምቷል። እስከዚያም በፈቃደኝነት ከዛሬ ጀምሮ እንድንሠራበት እናሳስባለን።

1ኛ/ እያንዳንዱ ቤት በቀኙ ያለውን ጎረቤቱን በየማለዳው «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ይጠይቅ። ድምፅ ያልሰማ ያንኳኳ። አንኳኩቶ መልስ ያጣ እንደሆነ ዝም ብሎ አይለፍ፤ ሌላ ሰው ይጥራ።

2ኛ/ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ አራስ ያለችበት ቤትና በሽተኛ ያለበት ቤት በመዝገብ ይያዛሉ። መዝገቡ የሚያዘው ለእርዳታ ስለሆነ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍም።

3ኛ/ ወርኃዊ መዋጮ አባሉ ራሱ ይዞ ይምጣ። መምጣት ያልቻለ በልጅ አይላክ፤ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ወደ ቤቱ ሄደው ይቀበሉታል። በዚህ ላይ ከሁሉ በፊት የምንታዘዘው እኛ ነን። ባለፈው እሑድ ጀምረነዋል። አራት ቤት ሄደን የአንዱ ቤት ሰው ታሞ አግኝተነዋል፤ ሁለት ሳምንት ሆኖታል አሉን። ሳንሄድ ቢሆን መዝገቡ «ከፍሏል» ይል ነበር።

4ኛ/ ተከራዮች የእድሩ አባል ባይሆኑም የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። አከራዮች ስማቸውንና የቤተሰባቸውን ስልክ ይወቁ። ለቡና ይጥሯቸው። የሰው አገር ሰው ሆኖ ሲታመሙ የሚደርስላቸው ማን ነው? ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የተባለው ለእነርሱም ነው።

5ኛ/ የቡናው ተራ ቢያንስ በ15 ቀን አንድ ጊዜ ይመለስ። ቅጣት አንጥልበትም። በቅጣት የሚጠጣ ቡና አይጥምም።

አሁን ቃል እንደገባነው ወደ ትንንሾቹ ማስታወቂያዎች እንለፍ። ከላይ ያለውን ላነበበ ትንንሽ አይመስሉትም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ከዋናው መንገድ እስከ ቦኖው ያለው ቦይ በፕላስቲክና በድንች ልጣጭ ተደፍኖ ውኃው ወደ ሰው ግቢ እየገባ ነው። እናታችንን የጣላቸው ጭቃ ከዚሁ የመጣ ነው። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አካፋ፣ ዶማና መቆፈሪያ ይዘን እንገናኝ። መሣሪያ የሌለው እጁን ይዞ ይምጣ።

ከግንቦት ወር ለቅሶ ጀምሮ ሁለት ብረት ድስትና አንድ ትልቅ ትሪ አልተመለሱም። የወሰደውን ሰው እናውቃለን፤ በመጪው እሑድ ከቦዩ ጋር አብሮ ይመጣል ብለን ስለምናምን ስሙን አልጻፍንም።

ውሻ ያላችሁ ማታ ማታ እሰሩ። የጅብ መፍራት ለሁላችንም አለ፤ ነገር ግን ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አሮጊቶች ከጅቡ ይልቅ ውሻውን ፈርተው ቤት መዋል ጀምረዋል። ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያገኘው አይተናል።

ፍየሉን በዚህ በማስታወቂያ ሰሌዳው ቋሚ ላይ የሚያስረው ጎረቤታችን ሌላ ቦታ ይፈልግለት። ያለፈውን ጽሑፋችንን ከግማሽ በላይ የጨረሰው እርሱ ነው። ጽሑፋችን ተራ ነው ላላችሁን፣ ቢያንስ አንድ አንባቢ ጥሞት በልቶታል።

በመጨረሻም፣ ቡሄ ደርሷል። ነሐሴ 13 የከተማችን ስም በዓል ነው። ጌታችን በገሊላ በደብረ ታቦር ተራራ ክብሩን የገለጠበት ነው፤ ከተማችንም በዚያ ተራራ ስም ትጠራለች። እንግዲህ በዋዜማው ነሐሴ 12 ማታ ችቦው ይበራል፤ ጅራፉ ይጮኻል፤ ልጆቹም ዱላቸውን እየመቱ «ሆያ ሆዬ» ሊሉ በየደጁ ይመጣሉ። ልብ ብላችሁ ተመልከቷቸው። ሀብታም ድኻ፣ ባለቤት ተከራይ አይሉም። የተዘጋ በር ካገኙ እስኪከፈት ይጨፍራሉ እንጂ አያልፉም። በዓመት አንድ ቀን የሰፈሩ በር ሁሉ የሚንኳኳው በልጆች እጅ ነው። እኛ አዋቂዎቹ ከልጆቹ ይህን ብንማር አናፍርም፤ ዘንድሮም ነፍስ ያተረፈልን ከእነርሱ አንዱ ነው።

ሙልሙሉን አብዝታችሁ ጋግሩ። ልጆቹንም ወደ እኒያ እናታችን ደጅ ማለፍ እንዳይረሱ ንገሯቸው። እሳቸውም፣ «እግሬ ቢታሰር እጄ አልታሰረም፤ ዱቄት ያቀበለኝ እንደሆነ ለልጆቹ እጋግራለሁ» ብለዋል። ዱቄት የምታቀብሉ በዚሁ እግረ መንገዳችሁን ዶሮዎቹን ልቀቁላቸው።

መልካም የቡሄ በዓል ይሁንልን።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት
ደብረ ታቦር